የሐጂ ዒጋል ቀኝ እጅ

ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው ቀትሯንም ያውቃል። ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከተማዋ በሯን ትዘጋለች። የመጋላ ሱቆች መዝጊያቸውን ይገጥማሉ፤ የጋሪ ፈረሶች ጥላ ፈልገው ቆመው ያንቀላፋሉ፤ የደቻቱ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ነጭ ሆኖ ዓይን ይወጋል። በመንገዱ ላይ የሰው ዘር አይታይም። የሌሊት ጨለማ ያስፈራል የምትሉ ካላችሁ፣ እባካችሁ አንድ ቀን በዚያ ሰዓት መጋላን ብቻችሁን አቋርጡና ከዚያ በኋላ እናወራለን።

ጉግሳ በዛብህ አራት ወር ሙሉ በዚያ ሰዓት ነበር ደቻቱን የሚሻገረው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

በ1949 ዓ.ም. ከአሰበ ተፈሪ ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ ዕድሜው ሃያ ሦስት ነበር። አክስቱ የሺአረግ የባቡር ሠራተኛ አግብታ ከዚራ ትኖራለች። ባሏ «ለገሀር ጽሕፈት ቤት ላስቀጥርህ» ቢለው፣ ጉግሳ ሞቼ እገኛለሁ አለ። እሱን ያማረው ንግድ ነው፤ ያውም የፍየል ንግድ፣ ከገጠር እየገዙ በባቡር ወደ ጅቡቲ መጫን። ከእናቱ የቀረችው ትንሽ ጥሪት አለች። ዕውቀት ግን የለውም። በመጀመሪያው ሳምንት መልካ ጀብዱ ሄዶ ሃያ ፍየል ገዛ፤ ግማሾቹ ከተማ ሳይደርሱ ማሳል ጀመሩ። ገበያው አንድ ሳምንት ሙሉ ሲስቅበት ከረመ። ያን ጊዜ ነው እጁን ይዞ የሚያስተምረው ሰው ካላገኘ በወር ውስጥ ባዶውን እንደሚቀር የገባው።

እጁን ይዞ ስል እንዲያው ለአነጋገር አይደለም። በዚያ የከብት ገበያ ዋጋ በአፍ አይጠራም። ሻጭና ገዢ ቀኝ እጃቸውን ይጨባበጡና አንደኛው የትከሻውን ፎጣ ጣል ያደርግበታል። ከፎጣው ሥር ጣት ከጣት ጋር ይነጋገራል። አንድ ጣት ሙሉውን ሲያዝ አንድ ዋጋ ነው፤ እስከ አንጓው ሲያዝ የዚያ ግማሽ ነው። ጠበቅ አድርጎ መጨበጥ እሺ ማለት ነው፤ መዳፍን መዘርጋት እምቢ ማለት ነው። አፍ ስለ ዝናብና ስለ ጤና ያወራል፣ ንግዱ ከሥር ይካሄዳል፣ ዙሪያውን የከበበው ሰው ምንም ሳያውቅ ውሉ ያልቃል። ፎጣውን ገልጦ ያየ ሰው ደግሞ ከገበያው ይባረራል፤ ተመልሶም አይገባም።

ጉግሳ ከሁሉም በላይ ይህን የሚያውቅ ማን እንደሆነ በየደረሰበት ጠየቀ። የተጠየቀው ሁሉ የሚጠራው ስም አንድ ነበር፤ ሐጂ ዒጋል። ግን ስሙን እንደጠሩ ዝም ይላሉ። ከገበያ ከወጡ ሰባት ዓመታቸው ነው፣ ከቤታቸው ወጥተው ያያቸው ሰው የለም፣ ተዋቸው ይሉታል። ይህ ልጅ ግን ተው ያሉትን ነገር መተው አያውቅም።

መጋላ ሄዶ የሐጂን በር ሲያንኳኳ የከፈተችለት ሸምሶ የምትባል እኅታቸው ናት፤ እጆቿ የሚንቀጠቀጡ አሮጊት። ያስገባችው ክፍል መስኮቱ ሁሉ የተዘጋ ነው። መካከሉ ላይ ከጣራ እስከ ወለል የሚደርስ ወፍራም መጋረጃ ተሰቅሏል። ከዚያ ወዲያ የሽማግሌ ድምፅ መጣ።

«ምን ፈልገህ ነው?»

«ንግድ እንዲያስተምሩኝ ነው ሐጂ። ሰው ሁሉ የእርስዎን ስም ነው የሚጠራልኝ።»

«ሰው ሁሉ ሞኝ ነው።»

«እኔም ነኝ፤ ሃያ ፍየል ገዝቼ ግማሹ በሽተኛ ሆነብኝ።»

ከመጋረጃው ወዲያ ረጅም ዝምታ ሆነ። ጉግሳ ሊነሳ ሲል ድምፁ ተመልሶ መጣ። «ይህ ንግድ በአፍ አይማርም። ከዙሁር ሶላት በኋላ ብቻህን ና። ፎጣውን አትገልጥም። ለማንም አትናገርም። አሁን ቀኝ እጅህን ስጥ።» ያን ጊዜ መጋረጃው ትንሽ ተንቀሳቀሰና በጥቁር ፎጣ የተሸፈነ እጅ ወደ እሱ ተዘረጋ።

ጉግሳ እጁን ከፎጣው ሥር አስገብቶ ሲጨብጥ ሰውነቱ ተሸማቀቀ። እጁ ከአንጓ እስከ ጣት ጫፍ በስስ ሻሽ ተጠቅልሏል። ጥፍር አይዳሰስም፣ የቆዳ መጨማደድ አይዳሰስም። ውጭ ድንጋይ በሚያፈላ ሙቀት ይህ እጅ ቀዝቃዛ ነበር። «ቆዳዬ ታሟል፤ ስለዚህ ነው» አሉ ሐጂ፣ ሳይጠየቁ። እሱም ከዚያ ወዲህ አልጠየቀም።

*

ቀን እየገፋ ሲሄድ ጉግሳ አንድ የሚያስገርም ነገር አስተዋለ። የሐጂ አፍና የሐጂ እጅ የአንድ ሰው አይመስሉም ነበር። አፋቸው ቁጡ ነው፤ ሲሳሳት «ወረያ፣ አንተ ልጅ፣ ራስህን ከአሰበ ተፈሪ ረስተኸው መጣህ?» ይሉታል። እጃቸው ግን ሲሳሳት አንጓውን ሁለት ጊዜ ቀስ አድርጎ ይነካዋል፣ እንደገና ሞክር እንደማለት። አንድ ቀን የእናቱን አሟሟት አወራ። ሐጂ ሰሙት፣ አላህ ይማራት አሉና ስለ ፍየል ጥርስ ማውራታቸውን ቀጠሉ። እጁ ግን ትምህርቱን ትቶ፣ ምንም ቁጥር ሳይጠራ፣ ዝም ብሎ ይዞት ቆየ። ጉግሳ በዚያ ጨለማ ውስጥ እንባው መጣ። ያን ዕለት ከዚራ እስኪደርስ መዳፉ ላይ ያ ቅዝቃዜ አብሮት ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ መላቅጡ ጠፋ። ጠዋት ሲነሳ የሚያስበው ሰባት ሰዓትን ነው። ፍየል ሲመርጥ፣ ምሳ ሲበላ፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ሲያስቀድስ እንኳ ትዝ የሚለው ያ እጅ ነው። የሽማግሌ እጅ ናፈቀኝ ብሎ ለማን ይናገራል? ራሱን ታዘበ፣ አፈረ፣ ደግሞ ሰዓቱ ሲደርስ ይሮጣል። አይ ጉግሳ። በእውነት አሳዝኖኛል።

*

በአራተኛው ወር መጨረሻ፣ በአንድ ሰኞ ጠዋት፣ ጉግሳ በከብት ገበያው ከገዲ ጋር እጅ ተጨባበጠ። ገዲ በገበያው የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ወጣቱ ሁሉ አዴር ገዲ ይላቸዋል፣ በሶማሊኛ አጎቴ ማለት ነው። ሠላሳ ፍየል ነበር። አፋቸው ስለ ሳቢያን ጉድጓድ ውኃ እያወራ ጣታቸው ወጣ ወረደ። በመጨረሻ ጉግሳ የሽማግሌውን የመካከለኛ ጣት አንጓ በአውራ ጣቱ ለቅጽበት ጫን አደረገና ለቀቀ። ሽማግሌው ሳያስቡት እሺ አሉ።

ፎጣው ሲነሳ ገዲ ፍየሎቹን አላዩም። ያዩት ጉግሳን ነው። «ይህችን የአውራ ጣት ነገር ከማን ተማርክ? በዚህ ገበያ እንዲህ የሚያደርግ አንድ ሰው ብቻ ነበር።»

ጉግሳ በመጀመሪያ ትርፉ ሰክሮ ቃሉን ረሳ። «ሐጂ ዒጋል ናቸው ያስተማሩኝ» አለ።

«በአፉ ነገረህ?»

«አይ፣ በእጃቸው እንጂ አዴር።»

«በየትኛው እጁ?»

«በቀኛቸው ነዋ።»

የገዲ ፊት አመድ መሰለ። ዙሪያቸውን አዩና ጉግሳን ከሰው ገለል አደረጉት። «ስማኝ ልጄ። ዒጋል ቀኝ እጅ የለውም። ከሰባት ዓመት በፊት ግመል ነከሰው፤ ቁስሉ ጠቆረና ሐኪም ከክርኑ በላይ ቆረጠው። በእኛ ዘንድ የተቆረጠ እጅ አይጣልም፣ ይቀበራል። የቀበርኩት እኔ ነኝ። በነጭ ሻሽ ጠቅልዬ፣ በእነዚህ እጆቼ አፈር አልብሼዋለሁ።»

ጉግሳ መዳፉን ዘርግቶ ተመለከተው። ስስ ነጭ ሻሽ። ጥፍር የለውም፣ ሙቀት የለውም። ገዲ ማውራታቸውን አልተዉም፤ ዒጋል ምስኪን ነው፣ ያለችው አንዲት ልጅ ናት፣ እሷንም ኢድልን አጎቷ ሂርሲ ለጅቡቲ ሀብታም ሊድራት በዓርቡ ባቡር ይወስዳታል፣ ከዚያ በኋላ ብቻውን ነው ይሉ ነበር። ጉግሳ አንዱንም በቅጡ አልሰማም። አራት ወር ሙሉ የጨበጠው ምን እንደነበር እያሰበ ላብ አጠመቀው።

ያን ዕለት ደቻቱን አልተሻገረም። ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ አክስቱ ቤት ገብቶ ሁሉንም ዘረገፈላት። የሺአረግ አማትባ አፏን ያዘች።

«የቀትር ጋኔን ነው ልጄ። የሙት እጅ ይዘህ ነው የከረምከው። ፊትህ ገርጥቷል ብዬ አልነበር? በል፣ ያን ቤት እንዳትረግጥ። ነገ ጠዋት ከባሌ ጋር ለገሀር ሂድና ሥራውን ያዝ።»

ከእናንተ መካከል ብልጥ አንባቢ አይጠፋምና፣ ሌላ ሰው ይሆናላ ትሉኝ ይሆናል። ጉግሳም አስቦት ነበር። ግን ማን? የሸምሶ እጅ ብርጭቆ መያዝ አይችልም። ከመጋረጃው ወዲያ ደግሞ በአራት ወር ውስጥ ከሐጂ ድምፅ በስተቀር አንድ ትንፋሽ እንኳ ሰምቶ አያውቅም።

አክስቱ ለገሀር ስትለው ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን በወረቀት ክምር መካከል አየው። ንግዱ ቀረ፣ መምህሩ ቀሩ። ከሁሉ በላይ ግን እጁ ቀረ። ቢፈራውም ናፈቀው፤ ይህ ደግሞ ከፍርሃቱ ይልቅ አስደነገጠው።

«ከቁልቢ ያመጣሽው ጠበል አለ?» አላት።

«አለ። ምን ልታደርገው?»

«ስጪኝ ብቻ አክስቴ።»

*

ማክሰኞ በሰባት ሰዓት መጋላ እንደ ልማዷ ጭር ብላለች። ጉግሳ የጠበሉን ብልቃጥ ኮቱ ውስጥ ይዞ ሲሄድ የራሱ ኮቴ ከኋላው የሚከተለው ሌላ ሰው እየመሰለው ሦስት ጊዜ ዞረ። ሸምሶ ከፈተችለት። ተቀመጠ። መጋረጃው ተንቀሳቀሰና ያ ጥቁር ፎጣ ወደ እሱ ተዘረጋ።

«ትናንት የት ቀረህ?» አሉ ሐጂ።

«አመመኝ።»

«ሃዬ፣ እሺ። ዛሬ የድርቅ ዘመን ፍየል አሳይሃለሁ። በድርቅ ጊዜ ሻጭ ይቸኩላል…»

እጁን ጨበጠው። ቀዝቃዛ ነው፣ ሻሹም እንደዚያው ነው። በግራ እጁ ብልቃጡን አወጣ፣ ክዳኑን በጥርሱ ነቀለ፣ በልቡ በስመ አብ አለና ጠበሉን በሙሉ ከፎጣው ሥር ገለበጠው። ጭስ ጠበቀ፣ ጩኸት ጠበቀ፣ እጁ በመዳፉ ውስጥ አፈር ሆኖ ሲበተን ጠበቀ።

እጁ ደንግጦ ዘለለ፤ ግን አልወጣም። ሻሹ ርሶ ከሥጋው ጋር ተጣበቀ። ጉግሳም በዚያ ስስ ጨርቅ ሥር ለመጀመሪያ ጊዜ ሙቀት ተሰማው። ከአንጓው በታች የደም ሥር ትር ትር ይላል፤ በፍጥነት፣ ልክ እንደ ራሱ ልብ።

ሕጉን ያውቃል። ቢሆንም የፎጣውን ጫፍ በግራ እጁ ገለጠ።

የሽማግሌ እጅ አልነበረም። ቀጭን ነው፣ ጣቶቹ ረጃጅም ናቸው። በመስኮቱ ስንጥቅ በምትገባው ቀጭን ብርሃን፣ በራሰው ሻሽ ውስጥ ከጥፍር እስከ አንጓ የተሳለ ደማቅ የሂና አበባ ይታያል፤ ትኩስ ነው፣ ገና ትናንት የተቀባ። ድሬዳዋ አራት ወር የኖረ ሰው ይህን ማንበብ አያቅተውም። ሙሽራ ናት። ገዲ ሲያወሩ ጆሮውን ታክኮ ያለፈው ነገር ሁሉ አንድ ባንድ ተመለሰለት። ኢድል፤ ጅቡቲ፤ የዓርቡ ባቡር።

ሳቁ መጣ፣ እንባውም መጣ፣ ሁለቱንም ዋጣቸው። አላበደም። ሙት አላፈቀረም። ያፈቀረው ሕያው ሴት ነው፤ እሷም ልትሄድ ነው። ደስታውና ኀዘኑ በአንድ ትንፋሽ መጡበትና የትኛውን እንደሚቀበል ጠፋው።

ሐጂ ከወዲያ ስለ ድርቅ እያወሩ ነው። ጉግሳ ፎጣውን መልሶ ሸፈነ። ከእሷ ጋር የሚነጋገርበት ቋንቋ ቁጥር ብቻ ነበር፤ ሌላ ቃል አልተማሩም። አንድ ጣቷን ይዞ ቀስ አድርጎ ነቀነቀ፤ አንድ ቀን ነው የቀረሽ እንደማለት። አልመለሰችም። ሁለት ያዘ። ዝም። ሦስት ሲይዝ ጨበጠችው፤ አጥብቃ፣ እስኪያመው። ሦስት ቀን። ጉግሳ ቁጥር አንጀት እንደሚበላ ያን ዕለት አወቀ።

ከዚያ አምስቱንም ጣቶቿን ሰብስቦ በመዳፉ ውስጥ ዘጋቸው። በገበያው ይህ የመጨረሻ ዋጋ ነው፤ ያለኝን ሁሉ ሰጠሁ፣ ከዚህ በላይ የለኝም ማለት ነው። ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ።

መዳፏ በእጁ ውስጥ ቀስ ብሎ ተዘረጋ።

እምቢ።

ጉግሳ እጁን ከፎጣው ሥር አወጣ።

«ለምን ተውክ?» አሉ ሐጂ። «ገና አልጨረስንም።»

«እምቢ ተባልኩ ሐጂ» አለ፣ ምን እንደሚል ሳያውቅ። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳደረገ የገባው።

የሐጂ ድምፅ ሲመለስ ቁጣው ጠፍቶ ነበር፤ ከሩቅ ጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል። «መጀመሪያ አንድ ጣት ያዝክ። መልስ የለም። ሁለት ያዝክ። መልስ የለም። ሦስት ስትይዝ እሺ ተባልክ። ከዚያ አምስቱንም ሰበሰብክ፤ መዳፍ ተዘረጋብህ።»

የጉግሳ ፀጉር ቆመ። የተጨባበጡት እጆች ከመጋረጃው ወዲህ ነበሩ፣ ከፎጣ ሥር ነበሩ፣ ክፍሉ ጨለማ ነው። እሳቸው ወዲያ ሆነው ይህን ማየት አይችሉም።

መጋረጃው በአንድ ጊዜ ተገለጠ። ሐጂ ዒጋል በግራ እጃቸው ጎትተውት ነበር። ጢማቸው በሂና የቀላ ከሲታ ሽማግሌ ናቸው፤ የሸሚዛቸው ቀኝ እጅጌ ባዶውን ተንጠልጥሏል። ከጎናቸው ምንጣፍ ላይ ፊቷን ወደ ታች ያደረገች ልጅ ተቀምጣለች። ከአጠገቧ የውኃ ጋን አለ። ቀኝ እጇ አሁንም በጥቁሩ ፎጣ ሥር እንደተዘረጋ ነው።

«ውኃው ምን ነበር?» አሉ ሐጂ።

«ጠበል ነው» አለ ጉግሳ፤ መዋሸት አልቻለም። «አዴር ገዲ እጅዎን እንደቀበሩት ነገሩኝ። የሙት እጅ መስሎኝ ነው።»

ሐጂ ይስቃሉ ብሎ ጠበቀ። አልሳቁም። «ገዲ አልዋሸህም» አሉ። «ግን የቀበረው እጅ አልሞተም። ሰባት ዓመት ሙሉ ያሳክከኛል፣ ጣቶቹ ይጨማደዱብኛል። የለህም ብዬ እነግረዋለሁ፣ አይሰማኝም። እሷ ከአንተ ጋር መጨባበጥ ስትጀምር ደግሞ እዚህ…» በግራ እጃቸው ከባዶው እጅጌ ሥር ያለውን አየር አመለከቱ፤ «እዚህ፣ ምንም በሌለበት ቦታ ላይ ጣትህ ይሰማኝ ጀመር። ዛሬ ውኃውን ስታፈስ ቀዘቀዘኝ። አምስቱን ስትይዝ አመመኝ።»

ጉግሳ ያችን ባዶ ቦታ አየና ዓይኑን ለመንቀል አቃተው።

«በዚህ ንግድ ግራ እጅ አይሰጥም» አሉ ሐጂ። «ግራውን የሰጠ ሰው ሰድቧል። ስለዚህ እጄ ሲቆረጥ ንግዴም ተቆረጠ። ዕውቀቱ ግን ወደ እሷ አልፎ ነበር፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በጣቶቼ ስትጫወት ሁሉንም ወስዳዋለች። ምን ይሆናል፣ ሴት ናት፣ ገበያ አትገባም። አንተ መጥተህ አስተምሩኝ ስትል እጇን በሻሽ ጠቅልላ ከጎኔ ተቀመጠች። አይሆንም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩባት። አልሰማችኝም። ከመምጣትህ በፊት እጇን እጋኑ ውስጥ ትነክራለች፣ እንዳያልባት። ትንፋሿን እንኳ ትይዛለች።»

«ታዲያ እኔን ያስተማረኝ ማን ነው?»

«አፉ የእኔ ነው። የቀረው ሁሉ የእሷ ነው።» ከዚያ ዓይናቸው ጠበበ። «ፎጣውን ገልጠሃል?»

«ገልጫለሁ።»

«ሕጉን ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ ሐጂ። ከገበያ ያስወጡኝ፤ ለገሀር ሄጄ ወረቀት እጽፋለሁ። ግን ለምን እምቢ እንዳለችኝ ሳላውቅ ከዚህ አልነሳም።»

ሐጂ ልጃቸውን አዩ። በሶማሊኛ አንድ ቃል ተናገሩ። ኢድል ቀና አለች። ጉግሳ ፊቷን ለመጀመሪያ ጊዜ አየ፤ የሚያውቀው መሰለው፣ ለምን እንደሆነ ግን አልገባውም።

«ዋጋ ጠራህ» አለችው። ድምፅዋ ብዙ ቀን ዝም ያለ ሰው ድምፅ ነው፣ ይሻክራል። «የጅቡቲው ሰውዬ መጣ፣ ዋጋ ጠራ። አጎቴ ጨምር አለው፣ ጨመረ። የሚያየኝ ሰው ሁሉ በጣቱ ይቆጥራል። አንተ ግን ተማሪዬ ነበርክ። አራት ወር አስተምሬህ አምስቱንም ስትይዝ፣ ይህም ገዢ ነው ለካ አልኩ።»

«ያለኝን ሁሉ ማለቴ ነበር።»

«ገባኝ። ያለህ ሁሉም ቢሆን ዋጋ ነው።»

ጉግሳ ቀስ ብሎ፣ «ታዲያ ምን ማድረግ ነበረብኝ?» አላት።

«ዝም ብለህ መያዝ ነዋ። ስለ እናትህ ስትነግረን እኔ እንደያዝኩህ።»

ሸምሶ በሩ ላይ ቆማ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። ሐጂ ባዶ እጅጌያቸውን እየዳበሱ እንደገና መናገር ሲጀምሩ የሚያወሩት ለጉግሳ ይሁን ለራሳቸው አይታወቅም ነበር።

«ዓርብ ሁለተኛ ሊቆርጡኝ ነው» አሉ። «ለወንድሜ ለሂርሲ ቃል ሰጥቻለሁ። ሲመጣ በግራዬ ጨበጥኩት፤ ሌላ የለኝማ። እሱ ምንም አላለም፣ ቸኩሎ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። በግራ የተመታ ውል ውል ነው? በእኛ ገበያ አይደለም። ቀኝ እጄ እሷ ናት። እሷ ካልጨበጠችለት እኔም አልጨበጥኩለትም።» ወደ እሷ ዞሩ። «ኢድል፣ ዓርብ አጎትሽ ሲመጣ ትጨብጪዋለሽ?»

ኢድል ግራ እጇን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች፣ መዳፏን ወደ ላይ፣ ጣቶቿን ዘርግታ። ሐጂ ዓይናቸውን ጨፈኑና በረጅሙ ተነፈሱ።

«እንዲህ ከሆነ አትሄድም። ሂርሲ ይጮሃል፣ ይጩህ። አንተ ግን» አሉት ጉግሳን፣ «አንተ ክርስቲያን ነህ። የልጄን እጅ ጠበል አጠጥተሃል። አክስትህ ይህን ብትሰማ፣ መስጊዱ ይህን ቢሰማ፣ መጋላና ከዚራ ተያይዘው ያብዳሉ። እሱን እኔ ልፈታልህ አልችልም። ነገ የሚሆነውን አላውቅም።»

ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ኢድል ጥቁሩን ፎጣ ከእጇ ላይ አንስታ ወደ ጎን አስቀመጠችው። በራሰ ሻሽ የተጠቀለለው እጅ ምንም ሳይከልለው በመካከላቸው ቀረ። ጉግሳ አራት ወር ሙሉ በየቀኑ የያዘው እጅ ነው። አሁን ግን ያን ጊዜ ሙት መስሎት ከፈራው በላይ ፈራ። አክስቱ ታየችው፣ የገበያው ሰው ታየው፣ የዓርቡ ጩኸት ከወዲሁ ተሰማው።

ከዚያ ያዛት። አንድም ጣት ለብቻው አልነካም፣ አላጠበቀም፣ አልጠየቀም። ኢድልም ጣቶቿን በጣቶቹ ላይ አሳረፈች። የሁለቱም ትንፋሽ በዚያ ዝግ ክፍል ውስጥ ይሰማል።

ግድግዳውን ያዩ የነበሩት ሐጂ ዒጋል በድንገት ጀርባቸው ቀጥ አለ። ግራ እጃቸው ቀስ እያለ መጣና ከባዶው እጅጌ ሥር፣ ምንም በሌለበት ቦታ ላይ፣ አንድ ነገር እንዳይበርደው እንደሚሸፍን ሰው ሆኖ ቆመ።

«ሞቀኝ» አሉ። «ሰባት ዓመት ሙሉ በርዶኝ ነበር፤ ዛሬ ሞቀኝ።»

ጉግሳ ይህን ሲሰማ ሰውነቱን ሁሉ ሰቀጠጠው። እጇን ግን አልለቀቀም።